የውሻ ጭንቅላት

አቲፖካ ሦስት ልብስ ግድግዳ ላይ ሰቀለችና ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። መሀል ያለው ነጭ የሥራ ጋውኗ ነው፤ እሱን የጠያቂዎቹ ሰብሳቢ አደረገችው። በግራ የገበያ ቀሚሷ ተሰቅሏል። በቀኝ ያለው ግን የሷ አይደለም፣ የእናቷ የላሚሲ ሰማያዊ ሽርጥ ነው፤ ከሆስፒታል በፌስታል ጠቅልለው የሰጧት። «ለምን የሐኪም ረዳት መሆን ፈለግሽ?» ብላ ራሷ ትጠይቅና አንገቷን ቀና አድርጋ ለጋውኑ ትመልሳለች። ልብስ አያቋርጥ፣ አያዛጋ፣ ሰዓት አያይ። እንዲህ ያለ ጠያቂ ቢገኝ ማን ይወድቅ ነበር!

ምን ታድርግ፤ የሚጠይቃት ሰው አልነበራትም። ከሰሜን ወደ ኩማሲ ከተማ ከመጣች አራት ዓመቷ ነው፤ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ በረዳት ነርስነት ትሠራለች። እዚያ ሁሉም ያከብራታል። «ሲስተር እንዴት አደርሽ፣ ሲስተር እንዴት ዋልሽ» ብለዋት ያልፋሉ። የሚሰድባት አንድ ሰው የለም። ይሄ ምን ያስከፋል የምትሉ ከሆነ ሰሜን አላደጋችሁም ማለት ነው። እኛ ዘንድ ገበያ ወጥቶ ሳይሰደብ የተመለሰ ሰው፣ ምነው ሞቻለሁ እንዴ ብሎ ራሱን ይዳብሳል።

ሰዳቢዎቻችን ጎረቤት ሕዝብ የሆኑት ዳጋባዎቹ ናቸው። እኛ ፍራፍራዎችና እነሱ የቀልድ ዘመዳሞች ነን። ጥንት ሁለት ወንድማማቾች ውሻ አርደው፣ አንዱ ውሃ ሊቀዳ ወረድ ሲል ሌላው ጭንቅላቱን ቅርጥፍ አድርጎ በላው ይባላል። ማን በላው? እነሱ እናንተ ናችሁ ይሉናል፣ እኛም እናንተ ናችሁ እንላቸዋለን፤ እስከ ዛሬ ዳኛ አልፈታውም። እናም ዳጋባ ፍራፍራን የትም ያግኘው የት፣ «የውሻዬን ጭንቅላት መልስ!» ብሎ ያዋርደዋል፤ ያም አይምረውም። ቅር መሰኘት የለም። ለቅሶ ላይማ ዳጋባው ካልመጣ ለቅሶው ጎዶሎ ነው። መጥቶ በሩ ላይ ይጋደማል፣ ሟቹን ይሰድባል፣ ልብሱን ለብሶ አረማመዱን ያስመስላል፤ ሲያለቅስ የዋለው ሰው ሆዱን ይዞ እስኪስቅ ድረስ ንቅንቅ አይልም። ያልተሳቀበት ሬሳ እኛ ዘንድ መንገድ ላይ የቀረ ሬሳ ነው። ላሚሲን ደግሞ ማንም ሳይስቅባት ነው የቀበሯት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና ክረምት ሆዷ ተነፍቶ፣ ዓይኗ ቢጫ ሆኖ ልጇ ዘንድ መጣች። አቲፖካ እጇን ሆዷ ላይ ስታሳርፍ ጉበቷ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ያኔውኑ ገባት፤ ቢሆንም ሆስፒታል ወሰደቻት፣ አስተኛቻት፣ አስታመመቻት። አልሆነም። በዚያው ሰሞን ወንዙ ድልድዩን ጠራርጎ ወስዶት ወደ ሰሜን መኪና የሚባል ነገር ጠፋ፤ የሬሳ ክፍሉ ሰዎች ደግሞ «ውሰጂልን» እያሉ በየቀኑ ይጠሯታል። እናም እዚያው ኩማሲ ተቀበረች፣ ከመቃብር ቆፋሪዎቹና ከልጇ በቀር ሰው በሌለበት። ቆፋሪዎቹ ጨዋ ሰዎች ነበሩ፤ ኮፍያቸውን አውልቀው ጸጥ አሉ። አቲፖካን ያ ጸጥታ ነው የጎዳት። አላለቀሰችም። የሚያስለቅሳትም የሚያስቃትም ሰው ስላልነበረ እንባዋ ሆዷ ውስጥ ቀረ።

የቤቱ ታላቅ አጎቷ አታንጋ ነው። በስልክ ስታረዳው «ማን ሳቀባት?» ብሎ ጠየቃት።

«ማንም።»

«እንግዲያው ሰው አልቀበርሽም፤ ዕቃ ነው የደበቅሽው» አለና ዘጋባት። ከዚያ ወዲህ ስሟን ጠርቶ አያውቅም፤ ሌሎቹም እሱን አይተው ስልኳን ማንሳት ተዉ።

የሐኪም ረዳቶች ትምህርት ቤት እገባለሁ ብላ አጥብቃ የያዘችው ለዚህ ነው። መንደራችን ውስጥ አንዲት ጤና ጣቢያ አለች። ድሮ ይሠራባት የነበረው ሰውዬ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ተቆልፋ፣ በረንዳዋ የፍየል መኝታ ሆኗል። ሰውዬው በወረቀት ላይ የሐኪም ረዳት ነበር፤ እኛ ግን ሐኪም የሚባል ሰው መጥቶልን ስለማያውቅ የማን ረዳት እንደሆነ አልጠየቅንም። ዶክተር ነበር የምንለው። አቲፖካ የዚያችን ጤና ጣቢያ ቁልፍ ይዛ ብትመለስስ? የአታንጋ የልጅ ልጅ ሲያተኩሰው ማን ዘንድ ሊሄድ ነው? ወዶ ሳይሆን በግዱ ስሟን ይጠራል። በባዶ እጇ ግን ያንን ደጃፍ አትረግጥም። ወደ ቤቷ የሚያስገባት ሌላ መንገድ አልታያትም።

ሁለቴ ተጠይቃ ሁለቴ ወድቃለች። በመጀመሪያው፣ ለታላቅ ሰላምታ እንደምንሰጠው ቁጢጥ ብላ መሬት መሬት እያየች ሰላም አለቻቸው፤ በራስ መተማመን የላትም ብለው ሸኟት። በሁለተኛው «ዶክተር መሆን አትፈልጊም ወይ?» ሲሏት ቀበል አድርጋ «እሱን ልማር አይደል የመጣሁት?» አለች። የመንደሯን ዶክተር ማለቷ ነበር። ለምን እንደመጣች እንኳን አታውቅም ተባለች። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከሦስት ጊዜ በላይ አይጠይቅም፤ የዛሬዋ የመጨረሻዋ ናት። የሥራ ባልደረባዋ ሴርዋ በምሳ ሰዓት ቁጭ አድርጋ መክራታለች፤ ዓይን ዓይናቸውን እዪ፣ ቁጢጥ እንዳትዪ፣ እንዳታለቅሺ፣ በተለይ ደግሞ እንዳትስቂ።

የትምህርት ቤቱ ኮሪደር በቤተሰብ ተሞልቷል። አንዱ አባት ተንበርክኮ የሴት ልጁን ጫማ በመሀረቡ ይወለውላል። አንዲት እናት በስልክ ፓስተሯን ይዛ የልጇን ጆሮ ከስልኩ ጋር ለጥፋዋለች። አግዳሚው ላይ አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ «አንቺንስ ማን አመጣሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ትሮትሮ» አለች አቲፖካ፣ የመጣችበትን ሚኒባስ።

ልጅቷ ሳቋን አፍና ወደ እናቷ ዞረች። አቲፖካ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ የመኪናው አቧራ የተኛበትን ጫማዋን ስታይ ቆየች። ወጥቼ እደውላለሁ የምትለው አንድ ሰው ቢኖራት ብላ ተመኘች። እውነቱን ለመናገር፣ ብትወድቅም የሚያዝንላት ሰው አልነበረም።

ስሟ ተጠርቶ ገባች። ሦስት ናቸው። መሀል ሰብሳቢዋ ማዳም ኦፎሱዋ፣ ነጭ ፀጉራቸውን አሳጥረው የተቆረጡ፣ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። በግራ ፕሮፌሰር ክዋፎ፣ እስክሪብቶአቸውን ጠረጴዛ ላይ ጠቅ ጠቅ ማድረግ የሚወዱ። በቀኝ ያለው ደግሞ ራሱ የሐኪም ረዳት ሆኖ በየገጠሩ ሲያክም ያረጀ መምህር ነው። ፊቱ የተቀመጠችውን የስም ሰሌዳ አነበበች፦ ተንጋን። እሱን አንቱ የማልለው ባለጌ ሆኜ አይደለም፤ ስሙን ሰምታችኋል፣ ዳጋባ ነው።

አቲፖካ ሰሌዳዋን ደግማ አነበበች። እሱም ስሟ ሲነበብ ቀና ብሎ አያት፤ ፍራፍራ እንደሆነች ከስሟ ገብቶታል። አሁን አንድ ነገር ይለኛል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ። ሴርዋ የመከረቻትን ሁሉ ይዛ በገባችበት ሰዓት ይሄ ሊያስከፋት አይገባም ነበር፤ ግን ከፋት። እዚህም ሲስተር ነኝ ማለት ነው አለች በሆዷ።

ጥያቄዎቹን ጥሩ አድርጋ መለሰች። ለምን ሐኪም አልሆንሽም ሲሏት፣ በደንብ አድርጋ፣ ሐኪም በማይደርስበት ቦታ የሚደርሰው የሐኪም ረዳቱ ስለሆነ ነው አለች። የሚያተኩሰውና የሚያንቀጠቅጠው ልጅ ቢመጣ መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ ሲሏት በየተራ ዘረዘረች። ማዳም ኦፎሱዋ ፈገግ አሉ። ዓይን ዓይናቸውን እያየች ነው፤ ቁጢጥ አላለችም። ቁልፉን ልትጨብጠው ትንሽ ቀራት።

ከዚያ ፕሮፌሰሩ እስክሪብቶአቸውን አስቀምጠው «ልታድኚው ያልቻልሽው በሽተኛ አለ?» ብለው ጠየቋት።

ለዚህ መልስ አዘጋጅታለች። ክሊኒክ ዘግይቶ የደረሰ ሕፃን ነበር፤ ለጋውኑ ስንት ጊዜ ተርካለታለች። አፏን ስትከፍት ግን የወጣው ሌላ ነው። «እናቴ» አለች። «ላሚሲ ትባላለች። እጄን ሆዷ ላይ ሳደርገው አወቅሁ። ለሷ ግን ትድኛለሽ አልኳት። እዚሁ ደቡብ ቀበርኳት፤ ማንም አልነበረም።»

ክፍሉ ጸጥ አለ፣ ልክ እንደ መቃብሩ ቀን፤ ጨዋ ሰዎች፣ ያቀረቀሩ አንገቶች። ማዳም ኦፎሱዋ መሀረብ ገፋ አደረጉላት። ፕሮፌሰሩ ሰዓታቸውን አዩ። እሷ ዓይኗ ደርቆ መሀረቡን ታየዋለች። ይሄኔ ተንጋን መነጽሩን አወለቀ።

«ቆይ ቆይ፤ ላሚሲ ሞተች ነው የምትዪኝ?» አለ ጮክ ብሎ። «ያቺ ውሻ በላ! የውሻዬን ጭንቅላት ሳትመልስልኝ? ዱሮስ እናንተ መብላት እንጂ መመለስ የት ታውቁና! ወንዙን ተሻግራ ኩማሲ ድረስ የሄደችው ታማ መሰለሽ? ከኔ ሸሽታ ነው እንጂ፣ ሌባ!»

ማዳም ኦፎሱዋ ደንግጠው ተነሱ። አቲፖካ ግን አላየቻቸውም። ምላሷ ሳታዘው ተንቀሳቀሰ።

«እናቴ ጥርስ አልነበራትም፤ በምን ልትበላው?» አለችው። «ጭንቅላቱን የበላው ያንተ አያት ነው። ይኸው የልጅ ልጁ እስከ ዛሬ መናገር አቅቶት እንደ ውሻ ይጮኻል።»

አንተ ነው ያለችው፣ አባቷ የሚሆነውን ሰውዬ፣ የጠያቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ። ከዚያ ሳቀች። እንደ ደንቡ ከንፈር ገለጥ አድርጎ የሚሳቅ ሳቅ አይደለም፤ ከወንበሯ እስክትንሸራተት፣ ጎኗን እስኪወጋት ሳቀች፤ ሳቁ መሀል ላይ እንባዋ መጣ፣ ያ ሁሉ ወር ሆዷ ውስጥ የቆየው እንባ፣ በአፍንጫዋም በአፏም። ተንጋን መነጽሩን መልሶ አደረገ። ፕሮፌሰሩ ይሄ ምን ማለት ነው ብለው ቢያፈጡበት ምንም አልመለሰላቸውም። ማዳም ኦፎሱዋ ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠይቁትም ዝም አለ። አቲፖካን ውጭ እንድትቆይ ነገሯት።

ብዙም ሳይቆዩ ማዳም ኦፎሱዋ ተከትለዋት ወጡና ሰው ወደሌለበት የኮሪደሩ ጥግ ወሰዷት።

«ልጄ፣ በጣም አዝናለሁ» አሏት። «እዚህ ቤት ሳስተምር ስኖር እንዲህ ያለ ነውር ሰምቼ አላውቅም። ስሚኝ። ሰደበኝ በዪኝ፤ እቺን አንዲት ቃል ብቻ። እሱን ከወንበሩ አነሳዋለሁ፤ አንቺን ሌሎች ሰዎች እንደገና እንዲጠይቁሽ አደርጋለሁ። መልሶችሽ ጥሩ ነበሩ። ትገቢያለሽ።»

አቲፖካ ግድግዳውን ተደገፈች። አንዲት ቃል። ቁልፉ ታያት፤ ፍየሎቹን ከበረንዳው ስታባርር፣ አታንጋ የልጅ ልጁን ታቅፎ ደጇ ላይ ሲቆም፣ ስሟን ሲጠራ። ደግሞስ ውሸት ነው? የሰማ ሁሉ ሰደባት አይደል የሚለው? ቃሏን ከሰጠች ግን ያ ሳቅ ሳቅ መሆኑ ይቀራል፣ ስድብ ይሆናል፤ ላሚሲም ተመልሳ እዚያ ጸጥታ ውስጥ ትገባለች።

«አልሰደበኝም» አለች። «ለቅሶ ነው የደረሰኝ።»

«እናትሽን ሌባ፣ ውሻ በላ አላት እኮ!»

«አዎ፤ እስከ ዛሬ ማንም አላላትም ነበር።»

ማዳም ኦፎሱዋ ዞረው የክፍሉን በር አዩ። «ታዲያ እሱ ለምን አያስረዳንም?»

«ቀልድ ካብራሩት ይቅርታ መጠየቅ ይሆናል፣ ማዳም። ለቅሶ ላይ ይቅርታ አይጠየቅም።» ከዚያም የቻለችውን ያህል ነገረቻቸው፤ ስለ ወንድማማቾቹ፣ ስለ ውሻው፣ በር ላይ ስለሚጋደሙት ሰዎች። ሴትዮዋ ከልባቸው ሰሟት። ስትጨርስ ገባኝ ብዬ አልዋሽሽም አሏትና ትከሻዋን ነካ አድርገው ተመለሱ።

ከሰዓት በኋላ ውጤቱን ራሳቸው ግቢው ውስጥ ነገሯት። ሁለቱ አልተቀበሏትም፤ አንዷ እኔ ነኝ አሉ፣ ሳይሸሽጉ። በሽተኛ ሞቶ ቤተሰብ በሚያለቅስበት አልጋ አጠገብ እንዲህ ትስቂ ይሆን ብዬ ፈራሁ አሏት። ደግ ሴት ናቸው፤ ደግነታቸው ግን በር አይከፍትም። አቲፖካ አመስግና እጅ ነሳቻቸው። ኬንኬ የሚሉትን በቅጠል የተጠቀለለ የበቆሎ ምግብ ገዝታ ከኒሙ ዛፍ ሥር ተቀመጠች፤ ቅጠሉን ፈታች፣ አልበላላት አለ። ያቺ ጫማዋ ሲወለወልላት የነበረችው ልጅ ግቢው መሀል ከአባቷ ጋር ተቃቅፋ ትዘላለች።

ተንጋን ሞተር ብስክሌቱን እየገፋ መጣና አጠገቧ ቆመ። አላጽናናትም፣ እኔ ደግፌሽ ነበር አላላትም።

«መንደርሽ የት ነው?» አላት።

ነገረችው።

«ሁለተኛው ለቅሶ መቼ ነው?»

ሁለተኛው ለቅሶ እኛ ዘንድ አዝመራ ከገባ በኋላ የሚደረገው፣ ሟቹን ወደ አባቶቹ የምንሸኝበት ነው። አቲፖካ ልሄድ አላሰብኩም ልትለው ነበር። ይሁን እንጂ የቀልድ ዘመድ ቀን ከጠየቀ ቀን ይነገረዋል እንጂ አልሄድም አይባልም።

«ማሽላው ሲታጨድ» አለችው።

«ጠላውን እንዳታቀጥኑት» ብሎ ሞተሩን አስነሳ።

ማሽላው ታጨደ። ብርዱም ከአቧራው ጋር ከበረሃው ወረደ። አቲፖካ ሰማያዊውን ሽርጥ በዚያው ፌስታል ይዛ መንደር ገባች፤ ሌላ በእጇ ያለ ነገር አልነበረም። ቤቱ ሙሉ ነው። አክስቶቿ ዓይናቸውን ሰበር አድርገው ሰላም አሏት። አታንጋ ከዛፉ ሥር ግንዱ ላይ ተቀምጦ ቁጢጥ ብላ ሰላም ስትለው በጭንቅላቷ ላይ አሻግሮ በጎቹን አየ። ጠላውን ሌሎች ልጆች ይቀዳሉ፤ እሷን ቅጂ ያላት የለም። እንደ እንግዳ ከአጥሩ ጥግ ተቀመጠች፤ እንግዳ እንኳን ውሃ ይሰጠዋል። መሄድ ይሻለኛል እያለች ነበር፣ ሞተር ብስክሌቶቹ አቧራቸውን ይዘው ሲደርሱ።

ተንጋን ከሁለት ሽማግሌ ዳጋባዎች ጋር ነው የመጣው። ሰላምም ሳይል ፌስታሉን ከእጇ መንጭቆ ሽርጡን አገለደመና እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ማነከስ ጀመረ። ላሚሲን በሕይወቱ አይቷት አያውቅም። «እንዲህ አልነበረም የምትሄደው!» አለች አንዷ አክስት፤ ተነስታ አሳየችው፤ እሱ ሆን ብሎ አጠፋው፣ ሌላዋ ተነሳች፤ ወዲያው ግቢው በላሚሲዎች ተሞላ፣ ሰው ሁሉ ይንከተከታል። ከዚያ ሄዶ የላሚሲ ክፍል በር ላይ ተዘረጋና የውሻው ጭንቅላት ካልመጣ አልነሳም አለ።

ያልሳቀው አታንጋ ብቻ ነው። «አሁን ልትጮህ መጣህ?» አለው። «እዚያ እንደ ዕቃ ስትደበቅ የት ነበርክ?»

ተንጋን ከተጋደመበት ክርኑን ተደግፎ ቀና አለ።

«የት እሆናለሁ? ለቅሶዋ ላይ ነበርኩ እንጂ» አለ። «ይቺ ልጅህ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ፤ እናትሽ ሌባ ናት አልኳት፤ የሰደበችኝን ስድብ እንኳን ላንተ ለራሴም አልደግመውም። ጣሪያው እስኪነሳ ሳቀች። በዚያ ሳቅ የተነሳ ትልቅ ነገር አመለጣት፤ ሰደበኝ በዪ ብለዋት እንቢ ብላ ነው የቀረባት። ምስክር አምጣ ካልክ አንዱ ፕሮፌሰር ነው።»

አታንጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አጥሩ ጥግ ዞረ።

«እውነቱን ነው?» አላት።

«እውነቱን ነው።»

«ምን አልሺው?»

ነገረችው፤ የእናቷን ጥርስ፣ የልጅ ልጁን ጩኸት። አታንጋ ከንፈሩን ጥርቅም አድርጎ ያዘው፤ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ አልቻለም፣ ግንዱን ይዞ እያሳለው እየሳቀ ዓይኑን በጋቢው ጠረገ። የሳቅ እንባ ይሁን የለቅሶ አላወቅንም። በስንት ጊዜው አፉ ስሟን አወጣ።

«አቲፖካ፣ ምን ትጎለቻለሽ? ለዚህ ጯሂ ጠላ ቅጂለት።»

ለዳጋባ ጠላ የሚቀዳው የቤት ልጅ ነው፤ ሌላ ሰው አይነካውም። አቲፖካ ተነሳች፤ ቅሉን ከአክስቷ እጅ ተቀበለች፣ እስከ አፉ ሞላችው፣ ቁጢጥ ብላ በሁለት እጇ ሰጠችው። ጤና ጣቢያዋ ያን ቀንም እንደተቆለፈች ነው፤ ፍየሎቹም እዚያው ናቸው። ተንጋን አንዴ ተጎነጨና ፊቱን አጨማደደ።

«ቀጥኗል» አለ።